በቀን ሁለት ሰዓት ትራምፔት፦ ከንፈሩ ይችላል ወይ?

አወያይ፦
ደብረ ብርሃን ላይ ለወጣቶች ማርሽ ባንድ ጀማሪዎች የቀረበው ረቂቅ ደንብ እንዲህ ይላል፦ ትራምፔት የሚይዝ ልጅ ሁሉ በየቀኑ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሳያቋርጥ ይለማመድ፤ በወር ሦስት ቀን የቀረ ይሰናበት። ልጆቹ ከ12 እስከ 16 ዓመት ናቸው፤ ያለው መሣሪያ ለሦስት ልጅ አንድ ነው። ይጽደቅ ወይስ ይሻሻል? የምታውቁ ተናገሩ። «እኔ ልጅ ሳለሁ» የሚለውን ግን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ባለ ማርሹ፦
ይጽደቅ። ማርሽ ባንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይነፋም፤ እየሄደ ነው። የካቲት 23ን የመሰለ በዓል ሲመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ መቆየት አለ። አርባኛው ደቂቃ ላይ ከንፈሩ የከዳው ልጅ ናሱን ተሸክሞ ከመሄድ በቀር ምን ይሠራል? ከንፈር ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ካልጫኑት አይጠነክርም። ደግሞ የዘመናዊ ሙዚቃችን አባቶች የምንላቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች (ራስ ተፈሪ ያመጧቸው ነፊዎች) በሥርዓት የተገሩ ነበሩ፤ ሥርዓት ያለ ሰዓት አይሆንም።

መምህርት፦
አርባዎቹ ልጆች ከኢየሩሳሌም ሲመጡ መንፋት ያውቁ ነበር፤ ከጀማሪ ጋር አታወዳድራቸው፣ ወንድሜ።

ጡንቻ ነው ካልክ እንደ ጡንቻ እንየው። ጀማሪ ሳያርፍ ሲነፋ ከ15ኛው ደቂቃ በኋላ መጀመሪያ የአፉ ጥግ ይላላል፤ አየር በጎን ፍስስ እያለ ያመልጣል። ድምፁ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ቀጥሎ ላይኛዎቹ ድምፆች እምቢ ይላሉ። ያኔ ልጁ ትራምፔቱን በግራ እጁ ወደ ጥርሱ ይስበዋል፤ ድምፁም ለጊዜው ይወጣለታል። ጥፋቱ ያ «ይወጣለታል» የሚለው ነው። የማውዝፒሱ (ከንፈር ላይ የሚያርፈው ተነቃይ የመንፊያ ጫፍ) ጠርዝ ከንፈሩን ከጥርሱ ጋር አጣብቆ ደሙን ያግደዋል፤ መርገብገብ ያለበት ሥጋ ይደነዝዛል። ልጁ ግን «ስጫን ይወጣል» ብሎ ይማራል። ቀሪው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መጫንን ማስተማሪያ ሆነ ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 30 ደቂቃ ንፋት፣ ያውም በሁለት ተከፍሎ፣ ይበቃል። አንዱን 15 ደቂቃ እንዲህ ብንከፍለው፦ 2 ደቂቃ ትንፋሽና ባዶ ከንፈር ማርገብገብ፣ 3 ደቂቃ በማውዝፒስ ብቻ፣ 5 ደቂቃ ረጅም ድምፅ (ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ሶል፣ ስምንት ቆጥሮ መንፋት፣ ስምንት ቆጥሮ ማውዝፒሱን ከአፍ ማንሳት)፣ 3 ደቂቃ ምላስ ሳይመቱ ከሶል ወደ ታችኛው ዶ እየወረዱ መመለስ። በቀሪው 2 ደቂቃ የትዝታ ቅኝት፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። የተነፋውን ያህል ማረፍ ግዴታ ነው። ከስድስት ወር በኋላ 45 ደቂቃ፤ ከዓመት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን አልከራከርም፣ ተከፋፍሎ ከሆነ።

ውርጭ አዋቂ፦
ስንት ሰዓት ስትሉ መቼ የሚለውን ረሳችሁት። ከተማው 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ከ12 ሰዓት በኋላ ያለው ብርድ የታወቀ ነው። የቀዘቀዘ ማውዝፒስ ከንፈርን ያደነዝዛል፤ ብርድ ያደረቀው ከንፈር ደግሞ ይሰነጠቃል። ከመንፋት በፊት ማውዝፒሱን አምስት ደቂቃ ብብት ውስጥ ማቆየት ወጪ የለውም።

ሌላም አለ። በትራምፔቱ ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ የግማሽ ቶን (የሁለት ጎረቤት የኪቦርድ ቁልፎች ርቀት) ሲሶ ያህል ይወርዳል። ልጁ መሣሪያው መቀዝቀዙን አያውቅም፤ የወረደውን በከንፈሩ ጨምቆ ሊያነሳው ይታገላል፣ በአሥር ደቂቃ ይደክማል። መፍትሔው ድምፅ ሳያወጡ ሙቅ ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ በቱቦው ማሳለፍ ነው። ውስጡ ውሃ ስለሚቋጠር ማፍሰሻውን ቶሎ ቶሎ መክፈት አይረሳ።

ደጋው፦
ድምፁን የሚያወርደው ከፍታው አይደል እንዴ? አየሩ ስስ ነው እኮ።

ውርጭ አዋቂ፦
አይደለም። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት ነው፤ በአየሩ መሳሳት አይደለም። ከፍታው የሚፈትነው ነፊውን ነው።

የሸዋ ሮቢቱ፦
እኛ ጋ ወርዳችሁ ንፉ! ውርጭ የለም፣ ብብትም አያስፈልግም። ግን ቆላ ሲገባ ድምፁ ከፍ ስለሚል የማስተካከያውን ተሳቢ (ቱቦውን የሚያስረዝመውን) ትንሽ ሳብ አድርጉት፤ ደጋ ላይ እንደተቃኘ ካመጣችሁት ከኪቦርዱ ጋር ትጣላላችሁ። ትራምፔቱ ዶ ሲል ኪቦርዱ ላይ ቢ ፍላት መሆኑንም ለልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። ኪቦርዱ ትዝታን ከዶ ሲጀምር ትራምፔቱ ከሬ ነው የሚነሳው፦ ሬ ሚ ፋ ሻርፕ ላ ሲ።

የጤናው ሰው፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ሳያርፉ በጥልቅ እየተነፈሱ መንፋት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከደም ስለሚያጥብ ያዞራል፤ ልጁ ቆሞ ከሆነ ይወድቃል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የዋለ ልጅ 11 ሰዓት ላይ ሲመጣ በልቶ ውሃ መጠጣቱን ጠይቁ። ከንፈሩ ካበጠ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ። እብጠቱ ጎድሎ ድካሙና ሕመሙ አልለቅ ካለ ግን ሐኪም ይየው፤ አፍን የከበበው ጡንቻ ሊቀደድ ይችላል። ይህ ጉዳት በሉዊ አርምስትሮንግ ቅጽል ስም «የሳችሞ ሕመም» ይባላል። አርምስትሮንግን ያህል ነፊ ከንፈሩን ከጎዳ የ12 ዓመት ልጅ ምን ይሆናል?

ባለ ማርሹ፦
እሺ፣ ለጀማሪ ሳያቋርጥ የሚለው ይውጣ። ሁለት ሰዓቱ ግን ለምን ይነካል? ቤት ሄዳችሁ ንፉ እንዳንል መሣሪያው የሦስት ልጅ ነው።

መምህርት፦
ሁለት ሰዓቱ አይነካ! የሦስት ልጅ መሆኑ ራሱ ነው የሚያድነን። አንዱ 15 ደቂቃ ይነፋል፤ ሁለተኛው ከአጠገቡ ቆሞ ምቱን ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ኖታውን በአፉ እየዘመረ ጣቱን በእርሳስ ላይ ያለማምዳል። 45 ደቂቃ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር 90 ደቂቃ። ከቀረው 30 ደቂቃ ግማሹ ለትንፋሽና ለጆሮ፣ ግማሹ ለጽዳት። እያንዳንዱ ልጅ አዳራሽ ውስጥ 120 ደቂቃ፣ ከንፈሩ ግን ሥራ ላይ 30 ደቂቃ።

ማውዝፒስ ግን የጋራ አይሆንም፤ ለየአንዳንዱ ልጅ አንድ፣ 7ሲ ለጀማሪ የተለመደ ልክ ነው። በየቀኑ በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። የፈላ ውሃ ትራምፔቱ ላይ አታፍስሱ፣ ቀለሙን ይልጠዋል። ማውዝፒስ ተጣብቆ እምቢ ካለ ፒንሳ አታንሱ፤ ቱቦውን ታጣምማላችሁ።

ባለ ማርሹ፦
30 ደቂቃ የነፋ ልጅ ሰልፍ አይወጣም ነው የምለው።

እምቢልታ ወዳድ፦
ሰልፉን ለምን አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል? እምቢልታ ነፊዎችን እይ፤ ሦስት ሆነው ድምፁን ይቀባበላሉ፣ አንዱ ሲነፋ ሌላው ይተነፍሳል፣ ዜማው ግን አይቋረጥም። ትራምፔቶቹን ለሁለት ክፈላቸው፤ ስምንት ስምንት ሜዠር (የምት ክፍል) እየተቀባበሉ ይሂዱ፤ መሃል ላይ ከበሮው ብቻውን ይምታ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከአፍ ሳይነሳ የሚነፋ ትራምፔት አቀናባሪው የዘነጋው ነው።

ጎረቤት፦
ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንዳይሆን ብቻ። ማፈኛ የሚባል ነገር የለም ወይ?

መምህርት፦
አለ፣ ግን አየሩን ስለሚያግድ በየቀኑ በእሱ የተለማመደ ጀማሪ መግፋት ይለምዳል። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ይሁን።

ባለ ማርሹ፦
ይሁን፤ ዙሩን ተቀበልኩ። ሦስት ቀን የቀረ ይሰናበት የሚለውን ግን አልለቅም።

መምህርት፦
ከንፈሩ አብጦ ያረፈ እንደቀረ አይቆጠር። መጥቶ ይቁጠር፣ ያዳምጥ።

ባለ ማርሹ፦
ሁሉም «አብጦብኛል» ማለት ይጀምራላ! በምን እለየዋለሁ?

መምህርት፦
ሶልን በጣም በስሱ እንዲነፋ አድርገው። ጤነኛ ከንፈር ከአየሩ እኩል ይነሳል፤ ያበጠ ከንፈር ላይ አየሩ ይቀድምና ድምፁ ዘግይቶ ይከተላል። ያንን በውሸት ለመሥራት የሚችል ጀማሪ ካገኘህ አታሰናብተው፤ አንደኛ ትራምፔት ስጠው።