ወንድሜ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ላደርግ ነው ሲል አባቴ ተባሮ ነው ብሎ ተጨነቀ

የብቸናዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። ታናሽ ወንድሜ ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚባል ኮሚኒቲ ኮሌጅ ቀን ይማራል ማታ ይሠራል። እሁድ ለት ደውሎ "እዚህ ልጨርስ ነው፣ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ላደርግ ነው" ሲል ስልኩ ስፒከር ላይ ነበርና አባዬም ሰማ፣ ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰም። "ልጁን አባረውታል፣ እኔ እንዳልከፋ ብሎ ነው ቃል የሚያሳምረው" ይላል። አይፈረድበትም፣ እኛ ጋ ዩኒቨርሲቲ መቀየር ማለት የሐኪም ወረቀት ይዞ ደጅ መጥናት ነው፣ እኔ ራሴ ዲፓርትመንት ለመቀየር ብዬ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። እና ያ ሁሉ የተማረው ይቆጠርለታል ወይስ ከዜሮ ነው? ደግሞስ ለምን መጀመሪያውኑ ዩኒቨርሲቲ አልገባም?

ደጀን በር፦
አይዞሽ እህቴ ማንም አላባረረውም። እኔም በዚሁ መንገድ ነው ያለፍኩት። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ማለት እኮ የሁለት ዓመት ትምህርት ነው፣ ወደ 60 ክሬዲት ጨርሰሽ አሶሼት ዲግሪ ትይዣለሽ፣ ባችለር ደግሞ ወደ 120 ነው፣ ስለዚህ ግማሹን እዚህ ግማሹን ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ለምን መጀመሪያ አልገባም ላልሽው፣ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲው በጣም ይረክሳል፣ ሲገባም እንደ ዩኒቨርሲቲው ውድድር የለውም፣ ቋንቋውም እስኪላመድ ጊዜ ይሰጣል። ሥራ እየሠራ ለሚማር ስደተኛ ከዚህ የተሻለ በር የለም፣ እዛ ግቢ ሐበሻ ብቻ ነው የሚመስልሽ አንዳንድ ቀን። መጨረሻ ላይ ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው፣ ሁለት ዓመት የት እንደነበረ ማንም አይጠይቀውም። አንድ ነገር ግን ለአባትሽ ስታስረጂ ተጠንቀቂ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ያለበት ከተማ ስሙ ራሱ ኮሌጅ ፓርክ ነው፣ "ኮሌጅ ፓርክ ገባ" ካልሻቸው ደግሞ ወደ ሌላ ኮሌጅ ወረወሩት ሊሉ ነው 😂

ጮቄ፦
ደጀን በር ያለው ልክ ነው ግን ነገሩን ትንሽ አቀለለው። ክሬዲት መቀበልና ለምትማሪው ዲፓርትመንት መቁጠር ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እኔ ነርሲንግ እማራለሁ ብዬ ጀምሬ መሀል ላይ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ዞርኩ፣ ስሻገር ኮርሶቼን ተቀበሉኝ ግን ብዙዎቹ "ኢሌክቲቭ" (እንደ ተጨማሪ ምርጫ ኮርስ) ተብለው ጥግ ላይ ተቀመጡ፣ ለዲፓርትመንቱ የሚሆነውን ሒሳብ እንደ አዲስ መውሰድ ሆነ። አንድ ዓመት በላኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ አማካሪ ሳልጠይቅ ጓደኛዬ የተመዘገበበት እየተመዘገብኩ። ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ የኮሌጁ ኮርስ እዛኛው ዩኒቨርሲቲ ምን ተብሎ እንደሚቆጠር አንድ በአንድ ያሳያል፣ ወንድምሽ ካላየው ዛሬውኑ ይየው። ፔል ግራንት የሚባለውን፣ መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠውን የማይመለስ እርዳታ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ እሱም ገደብ አለው፣ በዕድሜ ልክ 12 ሴሚስተር ያህል ነው፣ ያለቦታው በወሰድሽው ኮርስ ላይ ያልቅብሻል። ጂፒኤውም አብዛኛው ቦታ አብሮ አይሻገርም፣ ክሬዲቱ ነው የሚሻገረው፣ አዲሱ ግቢ ውጤቱን ከባዶ ነው የሚጀምርለት። መግቢያ ላይ ግን ያዩታል።
ሥራው ሮክቪል አካባቢ ከሆነ ሸዲ ግሮቭ የሚባለውንም ይጠይቅ፣ የተለያዩ የሜሪላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች እዛው አንድ ግቢ ላይ ሦስተኛና አራተኛ ዓመቱን ያስተምራሉ፣ ቤት መቀየርም የለ።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
እናንተ ክሬዲት ፔል ምናምን ትላላችሁ፣ ሴትዮዋ የጠየቀችው ስለ አባቷ ነው። እታለም፣ አባትሽ የብቸና ሰው ናቸው አይደል፣ ዲማ ጊዮርጊስ አፍንጫቸው ስር ነው። እንዲህ በያቸው፦ አንድ ተማሪ ቅኔውን ዋሸራ ወይ ጎንጂ ተቀኝቶ ሲያበቃ ለድጓ ቤተልሔም ለአቋቋም ጎንደር ሲሻገር ማን አባረረው ይባላል? መምህሩ መርቀው ነው የሚሸኙት። የሚያሳፍረው እዛው ተቀምጦ መቅረት ነው።

የብቸናዋ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ!! ሁላችሁም። የመጨረሻውን ማታ ቡና ላይ ነገርኩት፣ አባዬ ለካ በልጅነቱ ሁለት ዓመት ቆሎ ተማሪ ሆኖ ነበር፣ ዛሬ ነው የሰማሁት። ዝም አለ አለና "ታዲያ አዲሱ መምህር ተቀብሎታል ወይ?" አለኝ። ደውዬ ብጠይቀው ገና ነው፣ ትራንስክሪፕቱን ኮሌጁ ልኮለታል መልስ እየጠበቀ ነው። የጮቄን ነገር ሳነሳለት ደግሞ አርትሲስን አያውቀውም!! ለካ እሱም ጓደኛው የተመዘገበበት ነው ሲመዘገብ የነበረው፣ ጮኼበት ስልኩን ዘጋሁት።

ጮቄ፦
ጮኸሽ አትተይው፣ አማካሪውን በዚህ ሳምንት እንዲያገኘው አድርጊ፣ ገና አንድ ሴሚስተር ካለው ሊያስተካክለው ይችላል።

የብቸናዋ፦
ሐሙስ ቀጠሮ ይዟል። አባዬ "ደብዳቤው ሲመጣ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፣ እኔ ባላነበውም ቄሱ ያነቡልኛል" ብሏል፣ በእንግሊዝኛ ነው ብለው ማን ይስማኝ።