በፍላሽ የሚገለበጥ ጌም፦ ማስተዋወቅ ነው ወይስ የሰው ሐቅ መብላት?

አወያይ (ደሴ)፦
ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ስንገናኝ የተነሳው ነገር ሳይቋጭ ስለተበተንን እዚህ እንቀጥለው። ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ።

እኛ የምንወደው ጌም ኳስም ተኩስም አይደለም። እየዞርክ ዕቃ የምትሰበስብበት፣ ሰው የምታናግርበት፣ እንቆቅልሽ የምትፈታበት፣ ታሪክ ያለው አድቬንቸር ጌም ነው። በተለይ ትልቅ ድርጅት ሳይሆን ጥቂት ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው የሠሯቸው፣ ኢንዲ የሚባሉት። በእኛ አካባቢ እነዚህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ እናስተዋውቃቸው ተባባልን። እስከዚህ ተስማምተናል።

ጭቅጭቁ አካሄዱ ላይ ነው። ሸዋ በር ሱቅ ያለው ወንድማችን ክራክ የተደረጉ፣ ማለትም ሳይከፈልባቸው እንዲሠሩ የተደረጉ ኢንዲ ጌሞችን በፍላሽ እየገለበጠ ለመጣ ሁሉ ይሰጣል። "ይሄ ነው ማስተዋወቅ" ይላል። የኮምቦልቻዋ እህታችን "ስርቆት ነው" አለች። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። እዚህ ረጋ ብለን እንነጋገር። ስድብ የለም።

የሸዋ በሩ (ሞባይል ሱቅ)፦
ስርቆት የሚለው ቃል ከብዶኛል፤ ስለዚህ እኔ ልጀምር። ለጌሞቹ አምስት ሳንቲም አላስከፍልም። ፊልም ወይ መንዙማ ሊያስጭን የመጣ ልጅ ሲኖር "ይቺንም ሞክራት" ብዬ እጨምርለታለሁ። በቃ።

ግዙ ትላላችሁ። በምን? ደሴ ውስጥ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው? ጌም የሚሸጥበት ስቲም የሚባለው ድረ ገጽ ቴሌብር አይቀበል። ካርዱ ቢገኝስ? እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ገበያው ይወስነው ከተባለ በኋላ በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። የ15 ዶላር ጌም ከ855 ብር ተነስቶ 1,800 ብር ገባ ማለት ነው። ይሄን ብር ከቤተሰብ እጅ ለጌም የሚቀበል ልጅ አላውቅም።

ሌላም አለ። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደነበርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለወራት ያገናኘን ፍላሽ ነው። የእኛ ሰፈር ልጆች ማቺናሪየምን የጨረሱት ያኔ ነው። ጌሙ ንግግር የለውም። ሮቦቶቹ የሚያስቡት በሥዕል ነው የሚወጣው። እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ ከእኔ ቀድሞ ይፈታዋል። እኔ ባልጭንላቸው ስሙንም አይሰሙም ነበር። ሊገዛው የማይችል ልጅ ቢጫወተው ሠሪው ምን አጣ?

የኮምቦልቻዋ (የሶፍትዌር ተማሪ)፦
ምን እንዳጣማ ልንገርህ። ማቺናሪየምን ስላነሳህ ከእሱ ልጀምር።

ሰባት የቼክ ሰዎች ናቸው የሠሩት። ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። ገንዘቡ ከራሳቸው ቁጠባ ነው። ለማስታወቂያ የነበራቸው 1,000 ዶላር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያወጡት እንዳይገለበጥ የሚከለክል ምንም ዓይነት መቆለፊያ አላደረጉበትም፤ ተጫዋቹን አመኑ። በዓመቱ ራሳቸው እንደተናገሩት ከተጫወቱት ሰዎች የከፈለው ከ5 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያደረጉትን ተመልከት። አልተሳደቡም፣ አልከሰሱም። ነሐሴ ላይ "ምሕረት" ብለው የ20 ዶላሩን ጌም በ5 ዶላር አቀረቡት። ፋይሉ ቀድሞ እጃችሁ ላይ አለ፣ ከወደዳችሁት አሁን ክፈሉ አሉ። በዚያ ቅናሽ ብዙ ሺህ ሰው ገዛ። ይሄ ለእኔ ሁለት ነገር ይነግረኛል። አንደኛ፣ ገልብጦ የተጫወተ ሁሉ መክፈል የማይችል አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሠሪዎቹ እንዲያ እስኪለምኑ ድረስ ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ነበር።

ስለ ማስተዋወቅ ደግሞ እንነጋገር። ስቲም ላይ አስተያየት ለመጻፍ ጌሙ አካውንትህ ላይ መኖር አለበት። አንድ ጌም የአስተያየት ደረጃ የሚያገኘው ቢያንስ 10 ሰው ሲጽፍለት ነው። ለትልቅ ድርጅት 10 ሰው ምንም ነው። ቤቱ ተቀምጦ ለሠራ ሰው ግን መታየትና አለመታየት ማለት ነው። የአንተ ሰፈር ልጆች ጌሙን ጨርሰዋል። ሠሪዎቹ ግን ደሴ የምትባል ከተማ ተጫዋች እንዳላት አያውቁም። አስተያየት የለም፣ ደረጃ የለም፣ "ይቺ ቦታ አስቸገረችኝ" የሚል መልእክት እንኳ የለም። ታዲያ ለማን ነው ያስተዋወቅከው?

የጢጣዋ እናት፦
አብሽሩ ልጆቼ፣ አትጣሉ። እኔ ጌም አላውቅም። ልጄ ያን ቆርቆሮ ሮቦት ሲጫወት አይቼ ወድጄለታለሁ፤ ከመንገድ ይሻለኛል። ግን ሰው ሦስት ዓመት የለፋበት ነው ከተባለ የሰው ሐቅ ነው። ለልጅ ሐቅ መብላትን አናስተምር።

የሸዋ በሩ፦
እትዬ፣ እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ። ሐቅ መብላት ግን ሸጦ መብላት ነው። እኔ አልሸጥኩም።

የሕግ ተማሪ (ደሴ)፦
ሕጉ ላይ ብዥታ እንዳይኖር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። አልሸጥኩም ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም።

ከላሊበላ (አስጎብኚ)፦
አዋጅ ከመጥቀሳችን በፊት አንድ ነገር እንመን። እኛን አልገዛም ያልን አታድርጉን። መግዣው መንገድ ነው የተዘጋብን። ቱሪስት በጠፋበት ዘመን እዚህ ላሊበላ ቁጭ ብለን ብዙ ነገር የተማርነው ከተገለበጠ ፋይል ነው። ጌሙ ብቻ አይደለም፤ የሥዕል መሥሪያውም፣ የቪዲዮ መቁረጫውም። የሸዋ በሩን ልጅ ብቻ ነጥሎ ሌባ ማለት ፍትሕ አይደለም። በደሃ አገር ያለ ልጅ በሩ እስኪከፈትለት ምንም አይይ ማለት ነው?

የኮምቦልቻዋ፦
ወንድሜ፣ ያልከው መዘጋት እውነት ነው። እኔም ካርድ የለኝም። ግን ዘመዱ ሳዑዲ ወይ አሜሪካ ያልሄደ ወሎዬ ማን አለ? ለልብስና ለስልክ እንልካለን፣ እናስልካለን። ለአንድ ጌም 5 ዶላር "ክፈልልኝ" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም። እንደ ሸቀጥ ስለማናየው ነው።

የራሴንም ልንገራችሁ። ታሪኩ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ የሚሆን ትንሽ ጌም ሠርቻለሁ። አንዲት ልጅ የአባቷ ግመል ጠፍቶባት ከአፋሩ፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራው ነጋዴ ጋር እየተነጋገረች ትፈልጋለች። ማንን እንደምትጠይቅና እንዴት ሰላምታ እንደምትሰጥ ነው እንቆቅልሹ። ለጓደኞቼ በነፃ ሰጠሁ፣ ገልብጡት አልኩ። ሲዞር ሲዞር ወደ እኔ ተመልሶ ሲመጣ የመጀመሪያው ገጽ ተቆርጧል። ስሜ የለም። የአንድ ቴሌግራም ቻናል ስም ተለጥፎበታል። ብር አልፈለግኩም። ግን የሠራሁትን ነገር ለሰው ሳሳይ "ይሄማ የእነ እንትና ነው" ተባልኩ። ያን ቀን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልነካሁትም። የፍላሽ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ያየሁት እንዲህ ነው።

መምህሩ (ወልድያ)፦
ልጆቼ፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ። ልጅቷ የደረሰባት ነገር አሳዝኖኛል። ስም መቁረጥ ከገንዘብም ይከፋል።

እኔ ይህን ዓይነት ጌም የወደድኩት ማታ ማታ ከአያቴ ጋር የምንባባለውን "እንቆቅልህ - ምን አውቅልህ" ስለሚመስለኝ ነው። መልሱ ሲጠፋህ አገር ሰጥተህ ትሸነፋለህ፤ በማግስቱ አንተው ትጠይቃለህ። ጌሙም የሚጣፍጠው ከሰው ጋር ሲፈቱት ነው።

ሁለታችሁም የዘላችሁት ነገር አለ። ስለሚሸጠው ብቻ ነው የተከራከራችሁት። ሠሪው ራሱ በነፃ የለቀቀው ስንት ጌም አለ! ክሪስ ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው አድቬንቸር ጌም ስቱዲዮ የሚባል መሣሪያ አለ። ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተጻፈበት ኮድም ለማንም ክፍት ሆኗል። በእሱ ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች በወር አንድ ውድድር ያደርጋሉ። ዴቭ ጊልበርት የሚባል የኒውዮርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚያ ወርኃዊ ውድድር ዘ ሺቫ የሚል አጭር ጌም ሠራ። አንድ የአይሁድ መምህር የግድያ ምሥጢር የሚፈታበት ነው። መጀመሪያ በነፃ ሰጠው። ሰው ተጫወተ፣ ተቸ፣ አመሰገነ። ከዚያ አሻሽሎ ሸጠው፤ ዋጄት አይ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ዛሬም እንጀራው ነው። ያን ሰው እዚያ ያደረሰው ማስታወቂያ አይደለም። ተጫውቶ መልስ የሚጽፍለት ትንሽ ማኅበር ስለነበረው ነው።

ስለዚህ የሱቁን ልጅ ሥራ አልነቅፍም። ፍላሹ ይቀጥል፤ ይዘቱ ይቀየር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለው ኢች (itch.io) የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሠሪው ከፈለገ ዋጋውን ለተጫዋቹ ይተወዋል፤ ዜሮም ይፈቀዳል። እነዚያን ጫን። ከጎኑ አንድ ወረቀት ለጥፍ፤ የሠሪው ስም፣ አገሩ፣ አስተያየት የሚጻፍበት። እኔ ክበባችን ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ እንዲህ ነው የማደርገው። ልጆቹ በአማርኛ ይጽፋሉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ እልካለሁ። መልስ የመጣ ዕለት ክፍሉ አይያዝም።

ከሐይቅ፦
መምህር፣ አመሰግናለሁ። እኔ የማነሳው ሌላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በፕሮጀክተር አንዱ እየተጫወተ ሌላው የሚያየው ነገር። ያም ቢሆን ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 "ዛት ድራገን፣ ካንሰር" የሚባል ጌም ወጥቶ ነበር። ወላጆች በካንሰር ስላጡት ሕፃን ልጃቸው የሠሩት ነው። ብዙ ሰው በዩቲዩብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየው፣ አለቀሰ፣ ዘጋው። አባትየው በኋላ ከሽያጩ ገና አንድ ዶላር እንዳላዩ ጻፈ። የኳስ ጌም ቢታይ አያልቅም። ታሪክ ግን አንዴ ካየኸው አየኸው ነው። እኔ የምለው፣ ፕሮጀክተር ላይ ስንጫወት መሃል ላይ እንቁም። ቀሪውን የፈለገ ራሱ ይጨርስ።

ሌላ ደግሞ፣ ኢንዲ ስለሆነ ብቻ "ምርጥ ነው" ማለት እንተው። እንቆቅልሹ ስሜት የማይሰጥ ጌም አለ። ዝም ብለን ካሞገስን ቀጥሎ የምንጠራው ጥሩ ጌም የሚያምነን ያጣል።

ከላሊበላ፦
በነፃው እስማማለሁ። ግን ነፃው አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፍ የበዛበት። ማቺናሪየም እዚህ የገባው ቋንቋ ስለማይጠይቅ ነው። ያን ክፍተት በምን ትሞሉታላችሁ? አማርኛ ጌምስ አለን? አዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ ዶሮዋን ኩኩሉን ሠርቷል፣ ጎበዞች ናቸው። ግን እሱ የሩጫ ጌም ነው።

የኮምቦልቻዋ፦
የባቲው ጌሜ አማርኛ ነው። ትዋይን በሚባል ነፃ መሣሪያ ነው የሠራሁት። የሚወጣው ተራ የድረ ገጽ ፋይል ነው። የስልኩ ብራውዘር አማርኛ ካሳየ ጌሙም ያሳያል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ኮድ ብዙ ማወቅም አይጠይቅም፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው በትንሽ ልምምድ ይጀምረዋል። አንድ የላሊበላ አስጎብኚ ስንት ታሪክ እንዳለው አስበህ ታውቃለህ?

አወያይ፦
የእኔን አቋም ልናገር። ለሠሪው ምንም የማይመለስበት ነገር ማስተዋወቅ አይባልም። ገንዘብ ቢቀር ስም፣ ስም ቢቀር አስተያየት መመለስ አለበት። የካርዱና የዶላሩ ችግር እውነት ነው፤ ግን በዚህ ማኅበር ስም የሚሸጥ ጌም ክራክ ተደርጎ እንዳይታደል ነው የምጠይቀው። ለቅዳሜው ፕሮግራም ብር አዋጥተን፣ ውጭ ያለ ዘመድ አስከፍለን፣ አንድ ጌም በሐቁ እንግዛና እሱን እንጫወት። ሐይቅ ያለው ወንድማችን እንዳለው መሃል ላይ እናቁም። ሱቁን ግን ማዘዝ አልችልም፤ የራሱ ነው።

የሸዋ በሩ፦
መዋጮው ላይ አለሁ። የመምህሩንም ወረቀት እለጥፋለሁ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። የነፃዎቹን ፎልደር ለብቻ አደርጋለሁ። ማቺናሪየምን ግን ከኮምፒውተሬ አላጠፋም። እንግሊዝኛ የማይችል የአስር ዓመት ልጅ መጥቶ "ያን ሮቦት" ሲለኝ የለም ማለት አልችልም። በዚህ አልተስማማንም፣ አልደብቅም።

እህቴ፣ ስምሽ መቆረጡን አላወቅኩም ነበር። የባቲውን ጌም ላኪልኝ። ስምሽን ከፊት አድርጌ፣ የቴሌብር ቁጥርሽን ከታች ጽፌ እጭነዋለሁ። የወደደ የአቅሙን ይላክልሽ።

መምህሩ (ወልድያ)፦
ለእኛም ክበብ ይላክ። ልጆቹ ስህተት ካገኙበት ዘርዝረው ይጽፉልሻል፤ ይሉኝታ የላቸውም።

የኮምቦልቻዋ፦
መምህር፣ ለእርስዎ ዛሬ ማታ እልካለሁ። ስህተቱን ይንገሩኝ፣ እሱን ነው የፈለግኩት።

ለአንተም እልክልሃለሁ፣ ወንድሜ። ግን ማቺናሪየም ያለበት ፎልደር ውስጥ አታስገባው።