የቦቱ ፕሮፖዛል፦ አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተለጥፏል። የስኳር በሽታ ጥያቄ በቴሌግራም በአማርኛ በራሱ የሚመልስ ቦት (ፕሮግራም) ነው፣ የደሴና የኮምቦልቻ የስኳር ሕሙማን ማኅበር ገንዘብ ለመጠየቅ በጋራ የምናስገባው። ዓርብ ይዘጋል። የአምናው ጉድ እንዳይደገም ዛሬውኑ አንብቡ።

ሲስተር፦ አንብቤዋለሁ። ገጽ 3 ላይ «ቦቱ የኢንሱሊን መጠን ያስተካክላል» የሚለው ይውጣ። ይሄ ሰው ይገድላል። አሜሪካ ውስጥ የአመጋገብ መዛባት ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ቴሳ የሚባል ቦት ነበረ፤ ክብደት መቀነሻ ምክር ሲሰጥ ተገኘና በፈረንጅ 2023 አወረዱት። የኛም ቦት ባለሙያ ካየው ጽሑፍ ውጭ አንድ ቃል አይመልስ። ስኳሬ ከ70 በታች ወረደ ላለው ግን ወሬ ሳያበዛ «ስኳር ውሰድ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለካ» ይበል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

የሆጤ ልጅ፦ ልክ ነሽ ሲስተር። ሌላው፣ ዋናው ነጥባችን መግቢያው ላይ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ 2024 ሣራ የምትባል የጤና ቦት አውጥቶ ነበር፣ 8 ቋንቋ ይዛ ስትመጣ አማርኛ አልነበረበትም። ይሄን ካልጻፍን ብሩን ለምን ብለው ይሰጡናል?

ሙጋድ፦ ገጽ 7 በጀቱን ያየ ሰው አለ? «ለምረቃ ቀን፣ ለስላሳ መጠጥ፣ 12 ሳጥን»። የስኳር ሕሙማን ማኅበር!! ለስላሳ!!

ገንዘብ ያዥ፦ ለእንግዶች ነው።

ሙጋድ፦ እንግዳው ስኳር እንደሌለበት ለክተኸዋል?

ገንዘብ ያዥ፦ አምና አምቦ ውሃ ብቻ ስናቀርብ «ማኅበሩ ደኸየ» ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

ኮምቦልቻ፦ እኔን ያናደደኝ ለስላሳው አይደለም። ምረቃው ለምንድነው ሁሌ ደሴ? የሐረጎን ዳገት ወጥተን የምንመጣ እኛ፣ አጨብጭበን የምንመለስ እኛ። ቦቱን የሚሠራው ልጅ እንኳ የኛ ነው።

የአይቲ ልጅ፦ ነገ ማታ ማሳያውን እልካለሁ፣ አብሽሩ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ቆይ፣ ጾም ላይ ምን ሊል ነው ቦቱ? ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው። እኔ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ መድኃኒቱን በየት በኩል እንደምወስድ ግራ ይገባኛል፣ ጎረቤቴ ሐጂ ደግሞ በረመዳን ኢንሱሊናቸውን ጭራሽ ይተዉታል። ረቂቁ ውስጥ አንድ መስመር አላየሁም።

ሲስተር፦ ይሄ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይፈልጋል። ረመዳን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድመው ሐኪም ማየት አለባቸው፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ኢፍጣርና ስሑር ይዞርለታል። ኢንሱሊን ግን በራስ ሥልጣን አይተውም! ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ደግሞ ጾሙ ይፈታል። ሼሆቹንና ቀሳውስቱን ይዘን ብንጽፈው ሰው ይሰማል። ማን ያግዘኛል?

ሙጋድ፦ የለስላሳው ጉዳይ መልስ አላገኘም።

ገንዘብ ያዥ፦ አንተ የመጋቢትን መዋጮ ሳትከፍል ስለ በጀት ታወራለህ?

ሙጋድ፦ ደረሰኙን ልለጥፍልህ? እንለጣጠፍ ካልክ የአዳራሹን ኪራይ ደረሰኝም አንተ ለጥፍ!

የሆጤ ልጅ፦ ኧረ ተዉ። ወሎ ላይ ሰው በጠርሙስ አይጣላም።

ሲስተር፦ ስኳሩ ለወረደበት ሰው ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ 15 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ያነሳዋል። ለዚያ ግን 12 ሳጥን አያስፈልግም።

ገንዘብ ያዥ፦ አያችሁ? ሲስተርም ደግፋለች።

ሲስተር፦ አልደገፍኩም!!

ሙጋድ፦ እሺ ስድስት ሳጥን፣ ከዜሮ ስኳሩ ዓይነት። ከዚህ በላይ አልሄድም። ለተናገርኩት ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም። ስድስት ይሁን።

ኮምቦልቻ፦ ስድስቱ ኮምቦልቻ ይጠጣ።

ጸሐፊ፦ የአይቲው ልጅ የታለህ? ማሳያው ትናንት ማታ ነበር የሚባለው። ስልክህም አይሠራም።

የሰኞ ገበያዋ፦ ልጁ ቢገኝስ? ግማሾቻችን የያዝነው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፣ ቴሌግራም የለውም። ደግሞ ቦቱ «ለካ» ሲለኝ በምን ልለካ ነው? መለኪያው ቤቴ አለ፣ ደም የሚነካበት ስትሪፕ ካለቀ ሰንብቷል።

የሆጤ ልጅ፦ እውነት ነው። ከቦቱ ገንዘብ ላይ ለስትሪፕ ቆርሰን ብንወስድስ?

ኮምቦልቻ፦ ስትሪፕ ከሆነ ግማሽ በግማሽ። በአባል ቁጥር እንዳትሉኝ።

ጸሐፊ፦ የገንዘብ ጥሪው «ለዲጂታል ጤና» ነው የሚለው፣ ወገን። ስትሪፕ ብቻ ብለን ካስገባን ይጥሉታል።

ገንዘብ ያዥ፦ መለኪያውም ዲጂታል ነው።

ሲስተር፦ ጾም ላይ ላግዝሽ ያለ ሰው እስካሁን የለም። እንዲሁም ቦቱ የሰው የስኳር ውጤት ሊመዘግብ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ፣ ፈቃድ መጠየቂያ ጽሑፍ ያስፈልገናል።

ሙጋድ፦ ነገ እደውልልሻለሁ ሲስተር።

ጸሐፊ፦ አዲሱ ረቂቅ ተለጥፏል። ርዕሱ «የስኳር መለኪያ ስትሪፕ አቅርቦትና ዲጂታል ትምህርት» ሆኗል። ቦቱ ገጽ 9 ላይ በሁለተኛው ዙር ይሠራል ይላል። ምረቃው ኮምቦልቻ፣ ስድስት ሳጥን ዜሮ ስኳር። ተቃውሞ ካለ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት።

ሲስተር፦ «ቦቱ የኢንሱሊን መጠን ያስተካክላል» አሁንም አለ። ወደ ገጽ 9 ነው የተዛወረው።

ጸሐፊ፦ አወጣዋለሁ። ማኅተሙ ማን ጋ ነው?

ኮምቦልቻ፦ እኛ ጋ። ነገ የሚወጣ ሚኒባስ ላይ ለረዳቱ ሰጥቼ እልከዋለሁ፣ መናኸሪያ የሚቀበል ሰው መድቡ።