ሆስፒታል ኒውሮ (የአንጎልና የነርቭ) ክፍል ለመሥራት የትኛው የኤንፒ ትምህርት ይሻላል?

ጥያቄ (የሌሊት ሺፍት፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። የስትሮክና የኒውሮ ሕመምተኞች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ አራት ዓመት ሠራሁ። አሁን ነርስ ፕራክቲሽነር (ኤንፒ)፣ ማለትም መርምራ የምታክም ነርስ ለመሆን ለመማር ላመለክት ነው። የማውቃቸው ሐበሾች ሁሉ «ፋሚሊ ግቢ፣ ሥራው የትም አለ» ይሉኛል፤ ከልጅ እስከ አዋቂ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያክመውን የኤንፒ ዘርፍ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ክሊኒክ ቁጭ ማለት አልፈልግም። ሐሳቤ ኒውሮ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ወይም የስትሮክ ቡድን ነው። «ኒውሮ ኤንፒ» የሚባል ትምህርት ፈልጌ አጣሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ተሳስቼ ሁለቴ መማር አልችልም። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ (ኒውሮ አይሲዩ፣ ቴክሳስ)
እህቴ፣ ያጣሽው ስለሌለ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኤንፒ ትምህርት በአካል ክፍል አይከፈልም። የሚከፈለው በአብዛኛው በምታክሚው ሰው ዕድሜ ነው፤ ለአዋቂና ለሕፃናት ደግሞ አኪዩት (በጠና የታመሙትን ማከም) እና ፕራይመሪ (መደበኛ የክሊኒክ ክትትል) ተብሎ ይለያል። ይህን አከፋፈል ያስቀመጠው በ2008 የወጣው ኮንሰንሰስ ሞዴል የሚባለው የነርሲንግ ድርጅቶች ስምምነት ነው። ኒውሮውን የምትማሪው ከዚያ በኋላ፣ ሥራ ላይ ወይም በፌሎሺፕ (ከምረቃ በኋላ በሚሰጥ ተጨማሪ ሥልጠና) ነው።

ላንቺ የሚሆነው አዳልት ጀሮንቶሎጂ አኪዩት ኬር፣ ማለትም በጠና የታመሙ አዋቂዎችና አረጋውያን ሕክምና ነው። የቦርድ ፈተናውን ኤኤንሲሲም ኤኤሲኤንም የሚባሉት የነርሶች ድርጅቶች ይሰጣሉ፤ አንዱ ይበቃሻል።

የኔ ጠዋት ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ከአንጎል ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ፣ ኢቪዲው፣ ሌሊቱን ስንት እንዳወጣ አያለሁ። የጭንቅላት ውስጥ ግፊቱን፣ ሶዲየሙን፣ ቬንቲሌተሩን (የመተንፈሻ ማሽኑን) አያለሁ። ከዚያ የስትሮክ ኮድ (ስትሮክ የተጠረጠረበት ሰው ሲመጣ ቡድኑን የሚጠራው አስቸኳይ ጥሪ) ይጠራል። ሕመሙ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ካላለፈው የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የሚለው ጥድፊያ አለ። የፋሚሊ ትምህርት ለዚህ አያዘጋጅሽም፤ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው።

መልስ (ፋሚሊ ኤንፒ፣ ቨርጂኒያ)
ፋሚሊን እንዲህ አታጣጥሉብን እንጂ! እኔ ፋሚሊ ተምሬ የነርቭ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ማይግሬን፣ የሚጥል በሽታ፣ ፓርኪንሰን አያለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ፤ ልጆች ላላት ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ግን እውነቱን ልናገር። አንድ ሆስፒታል ቃለ መጠይቁን ካለፍኩ በኋላ ክሬደንሻሊንግ (የሙያ ማስረጃ ማጣሪያ) ላይ «አኪዩት ኬር የለሽም» ብሎ መለሰኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የኔኑ ትምህርት ይዞ ሌላ ሆስፒታል የስትሮክ ቡድን ውስጥ ይሠራል። እንደ ስቴቱና እንደ ሆስፒታሉ ይለያያል። ከፈለግሽው ሆስፒታል የሥራ ማስታወቂያዎቹን አውጥተሽ የሚጠይቁትን ሰርተፊኬሽን አንብቢ። እኔ ያን ባደርግ ኖሮ አሁን ፖስት ማስተርስ ሰርተፊኬት (ከማስተርስ በኋላ ሌላ ዘርፍ የሚጨምር ትምህርት) ለመማር አልከፍልም ነበር።

መልስ (ፕሪሴፕተር ነኝ፤ ተማሪዎችን ሆስፒታል ውስጥ የማሠለጥን)
ምርጫው ላይ ከመጀመሪያዋ ጋር እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት «ፕሪሴፕተር የሚፈልግልኝ ማን ነው?» በያቸው። «አንቺው» ካሉሽ ደግመሽ አስቢ። በ2022 የወጣው ብሔራዊ መስፈርት ቢያንስ 750 ሰዓት ክሊኒካል (ሕመምተኛ እያከሙ የሚደረግ ልምምድ) ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በየሆስፒታሉ ደጅ እየጠናሽ መሙላት ያደክማል። ከሰዓቱ ስንቱን ኒውሮ ላይ መሥራት እንደሚፈቅዱልሽም ጠይቂ።

እስከዚያው ኤስሲአርኤን (የስትሮክ ነርስ ሰርተፊኬት) ወይም ሲኤንአርኤን (የኒውሮ ነርስ ሰርተፊኬት) ፈተና ውሰጂ። አንድ ዓመት ሙሉ ሰዓት በዘርፉ መሥራት ነው የሚፈልጉት፤ ያንቺ ሞልቶ ተርፏል። ነርስ ሆነሽ የያዝሽው ሰርተፊኬት ኋላ ሥራ ስትፈልጊ ይታይልሻል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ብቻ፤ ኋላ የሕፃናት ኒውሮ ቢያምረኝስ?

መልስ (ኒውሮ አይሲዩ፣ ቴክሳስ)
አዳልት ጀሮ ትንንሽ ልጆችን አይጨምርም። ለእነሱ የሕፃናት አኪዩት ኬር የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት አለ፤ ስለዚህ አሁኑኑ ወስኚ። ደግሞ ፎርሙን ስትሞዪ ተጠንቀቂ፤ «አዳልት ጀሮንቶሎጂ ፕራይመሪ ኬር» የሚባልም አለ። አንዲት ባልደረባዬ በስሙ ተሸውዳ አንድ ሴሚስተር ከፍላበታለች።