የአየርላንዶች የሙታን መታሰቢያ ላይ እህቴ ብትገኝ ችግር አለው?

የቡሬ_ልጅ፦
ሰላም ያገሬ ልጆች እንዴት ናችሁ። እህቴ ደብሊን ነው ምትኖረው፣ ጎረቤቶቿ ሳዊን ሚባል በዓል በጋራ ያከብራሉ፣ ክርስትና ሳይገባ ከነበረው እምነት የመጣ ነው አሉ፣ እሳት አንድደው የሞቱባቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ ያስባሉ፣ እሷንም ነይና አባትሽን አብረን እናስብ ብለዋታል። አባባ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው ያረፈው፣ መጥታ አልቀበረችም፣ እዛ ብቻዋን ነው ምታለቅሰው። እማዬ ደሞ ይሄን ከሰማች ጀምሮ የጣኦት ድግስ ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ልበላቸው?

ዳንግሌው፦
እግዜር ያጽናችሁ እታለም። እዛ አገር ኖሬያለሁ። ሳዊን ጥቅምት 21 ሲመሽ ይጀምርና በማግስቱ ይውላል፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 31 መሆኑ ነው፣ ሃሎዊንም ከሱ ነው የመጣው። መኸሩ አልቆ ብርዱ ሚገባበት፣ ድሮ ከብቱን ከተራራው ግጦሽ ሚያወርዱበት ሰሞን ነው፣ ያን ሌሊት የወዲያኛው ዓለም በር ይከፈታል ብለው ያምኑ ነበር። ሚዝ በሚባለው አውራጃ ትላክታ የሚሉት ኮረብታ አለ፣ ጥንት ትልቁ እሳት እዛ ነበር ሚነደው ይባላል፣ ዛሬም ሰው ችቦ ይዞ ይወጣበታል። አሁን ሚያከብሩት ብዙዎቹ ማዕድ ላይ ለሞተው ሰው ቦታ ይተዋሉ፣ አንዳንዶቹ ራቱን ቃል ሳይተነፍሱ ነው ሚበሉት። አንድ ቤት ገብቼ ሴትዮዋ ለሞተች እናቷ ዳቦ ቆርሳ ቅቤ ቀብታ ሻይ ቀድታ ስታስቀምጥ አይቻለሁ፣ ሆዴን ነው ያባባችው።

የደጀኑ፦
አብሮ ማዘንና አብሮ ማምለክ ለየቅል ነው። ጎረቤት ሲያለቅስ አብራ ብትቆም፣ ያባቷን ስም ብትጠራ ምን አለበት፣ ለመናፍስት ምግብ ሚቀርብ ወይ ሙታንን ሚያናግሩበት ሥርዓት ከሆነ ግን ፈቀቅ ትበል፣ እኛ ስለ ሙታን ምንለምነው እግዚአብሔርን ነው። ቀድማ ጠይቃ ትሂድ።

ማርቆስ_ሰፈር፦
እስኪ ቁጠሪው፣ ነሐሴ መጀመሪያ ካረፉ ሰማንያቸው ራሱ ጥቅምት 20 ገደማ ነው ሚውለው! ልጅቷን ሚያማት ሀዘኑ ብቻ አይደለም፣ ሰው አጠገቧ አለመኖሩ ነው፣ እኛ ጋ እድርተኛው ድንኳን ተክሎ ንፍሮ ቀቅሎ ሰልስቱን አርባውን አብሮሽ ያሳልፋል፣ እሷ ማን አላት። በ1911 የሕዳር በሽታ ሰው ከረገፈ በኋላ እኮ አገሩ ሕዳር 12 በመጣ ቁጥር አንድ ላይ ሲያጥን ነው የኖረው። በነዚህ ዓመታት መንገድ ተዘግቶ ለቅሷቸው ያልደረስነው ስንት ዘመድ አለ፣ እኔ የአክስቴን አፈር ሳላይ ቀርቻለሁ እስከዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ስለዚህ የሰማንያው ፍትሐት ሲደረግ በቪዲዮ አስገቧት፣ ማታ ጎረቤቶቿ ጋ ትሂድ።

የቡሬ_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ለእማዬ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ሰማችና "እንግዲያ ትሂድ፣ ከማዕዱ ግን እንዳትቀምስ፣ ስትጠራውም በክርስትና ስሙ ትጥራው" አለች። ቄሱን ነገ አናግራለሁ። ቤተክርስቲያኑ ጋ ኔትወርክ ደካማ ነው፣ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ሚሠራበት መላ ምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።