ቪትዜ ዓይን ታቃጥላለች፤ ጥፋቱ የቤንዚኑ ነው የመኪናዋ?

የቱሉዲምቷ፦
ሰላም ጎረቤቶች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የ2004 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። ጠዋት ጠዋት እናቴን ቃሊቲ አደርሳለሁ፤ አስም አለባት። ሞተር ሳስነሳ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ «ይሄ መኪናሽ ከከሰል ምድጃ በምን ይሻላል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጭስ አይታይም፣ ሽታው ግን ያስለቅሳል። ማደያው ሰልፍ ሲሆንብኝ ከመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የገዛሁባቸው ቀናት አሉ። ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው ብዬ ነዋ! ይለያያል እንዴ?

ባለመፍቻው፦
እህቴ፣ 14 ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ቅልቅል ነው፤ ከጭስ ማውጫ የሚወጣውም እንደ ቅልቅሉ ነው።

አንዱ ድኝ ነው፣ ሰልፈር የምንለው። ከመኪናሽ ሆድ ሥር ካታላይዘር የሚባል ነገር አለ። ውስጡ የማር እንጀራ ይመስላል፤ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባ ነው። መርዛማውን ጋዝ ብዙም ወደማይጎዳ ጋዝ የሚለውጠው እሱ ነው። ድኝ የበዛበት ቤንዚን ያንን ቅብ ይሸፍነውና ሥራ ያስፈታዋል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በኪሎ ቤንዚን ከ10 ሚሊግራም በላይ ድኝ የከለከለው ወዶ አይደለም።

ሌላው ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው። አትሳቂ፤ በፈረንጅ አፍ «ቤንዚን» (benzene) የሚባለው የደም ካንሰር የሚያመጣ ለብቻው ያለ ኬሚካል ነው፣ አውሮፓ ላይ ከ1 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል። ሳይቃጠልም ይተናል። ያንን ጠርሙስ ከኋላ ይዘሽ ትሄጃለሽ? ቪትዝ ደግሞ ዕቃ መጫኛዋና መቀመጫዋ አንድ ክፍል ነው። እናትሽ የምትተነፍሰው እሱን ሊሆን ይችላል።

የጠርሙሱ ነገር ደግሞ፣ ላምባ ይቀላቀልበታል። ላምባ ከባድ ነው፣ ቤንዚን ሞተር ውስጥ በደንብ አይነድም። ሞተሩ ይንኳኳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል።

ገላን_ሠፈር፦
ገልባጩ ሁሉ ጥቁር ጭስ እየተፋ ስለ ቪትዝ ታወራላችሁ? ኦክቴን ማሳደጊያ፣ ያንን ሞተር እንዳይንኳኳ ቤንዚን ላይ የሚጨመረውን፣ ጨምሪበት፣ አለቀ።

ባለመፍቻው፦
ለጥላሸቱ ልክ ነህ፣ እሱ የናፍጣ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በብዛት የቤንዚን መኪና ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ኦክቴን ማሳደጊያውን ተወው። እዚህ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሞተሩም ያን ያህል ኦክቴን አይፈልግም። ብሯን ትያዝ።

የላዳ_ዘመን፦
ልጆች፣ እኔ ላዳ ነድቼ ልጅ ያሳደግሁ ነኝ። ካርቡራተሩ፣ ነዳጅና አየር የሚያደባልቀው፣ ለቆላ ከተስተካከለ እንጦጦ ላይ ነዳጅ ይበዛበትና ጭሱን ይለቀዋል። በ2001 ዓ.ም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል፣ ያው አልኮል፣ ሱሉልታ ላይ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፣ በመጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10። ኢታኖል ውስጡ ኦክስጅን ስላለ እንደኔ ላዳ ላለ አየር ለሚያጥረው ሞተር ይጠቅም ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት ቤንዚን ነበር የምንቀዳው። በአፍም ስበን እንቀዳ ነበር፣ እግዜር ይይልን!

ባለመፍቻው፦
ጋሼ፣ እርሳሱ ካታላይዘርንም ይገድል ነበር። ከዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው ለመኪና መሸጡን ያቆመችው። የቱሉዲምቷ፣ መኪናዋን ጋራዥ ከፍ አስደርጊና ከሥር ይታይልሽ።

የቱሉዲምቷ፦
አሳየሁ። ካታላይዘሩ የለም! በቦታው ተራ ቱቦ ተበይዷል። ስገዛትም እንዲሁ ነበረች መሰለኝ። ቦሎ እንዴት እንዳለፍኩ እኔም አላውቅም። ጠርሙሱን አውጥቻለሁ። እናቴ ዛሬ መስኮት አላስከፈተችኝም፣ ነጠላዋ ግን አሁንም አፍንጫዋ ላይ ነው።

ባለመፍቻው፦
ያገለገለ ስትገዢ በባትሪ ውስጡን አብሪበት። የማር እንጀራውን አውጥተው ባዶ ቀፎ የሚሸጡ አሉ።