የጦስኝ ቅጠልና የብር ናኖ ቅንጣት፦ በሳህን ላይ የታየው ውጤት በአፍ ውስጥ ይደገማልን?

ጥያቄ (የአራት ኪሎ ተማሪ)

ጤና ይስጥልኝ። የኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የብር ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የብር ብናኝ) ለመሥራት ከመርካቶ የገዛሁትን ደረቅ ጦስኝ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌና አጣርቼ ከሲልቨር ናይትሬት (በውኃ ከሚሟሟ የብር ጨው) ጋር ስቀላቅለው ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ ወደ ቡናማ ተለወጠ፤ በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ የትኛውን የብርሃን ሞገድ ምን ያህል እንደሚውጥ በሚያሳይ መሣሪያ) ስለካውም በ430 ናኖሜትር አካባቢ ጎልቶ የወጣ ጫፍ አሳየኝ። (ብር ስል ማዕድኑን እንጂ ከተማሪ ኪስ የሚጠፋውን ማለቴ አይደለም።) ከዚያም ጥርስን በማቦርቦር በሚታወቀው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ላይ በአጋር ሳህን (ባክቴሪያ በሚበቅልበት የረጋ ማሳደጊያ) ስሞክረው ፈሳሹን በጨመርኩበት ጉድጓድ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ አገኘሁ። ይህን ይዤ «ለአፍ መጉመጥመጫ ይሆናል» ብዬ መጻፍ እችላለሁን?

መልስ 1 (የላብራቶሪ ሰው)

የቀለሙ ለውጥና የ430ው ጫፍ ቅንጣቶቹ መፈጠራቸውን ይጠቁማሉ፤ መጠናቸውን ግን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየት ይኖርብዎታል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ባክቴሪያውን የገደለው ማን ነው? ጦስኙ ብቻውን፣ ሳይለወጥ የቀረው ሲልቨር ናይትሬት ብቻውን፣ ወይስ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ በሚለይ መሣሪያ) ታጥቦ የጠራው ቅንጣት? ሦስቱን ጎን ለጎን ካልሞከሩ የሲልቨር ናይትሬቱን ሥራ ለጦስኙ ሊሸልሙት ይችላሉ። ደግሞም የጦስኝ ኃይል በአብዛኛው የሚነገርለት ቲሞልና ካርቫክሮል በተባሉት የዘይቱ ክፍሎች ሲሆን እነዚህ በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም፤ በእርስዎ ፈሳሽ ውስጥ ብሩን ወደ ቅንጣት የለወጡት ይልቁንም በውኃ የሚወጡት ፌኖሎች የተባሉት የተክሉ ውሁዶች ሳይሆኑ አይቀሩም። የክቡ ስፋትም ብዙ አያስተማምንም፤ ናኖ ቅንጣት በአጋር ውስጥ እንደ ልቡ አይሰራጭምና ዝቅተኛውን ገዳቢ መጠን (የባክቴሪያውን እድገት የሚያቆመውን ትንሹን መጠን) በፈሳሽ ማሳደጊያ ይለኩት።

መልስ 2 (የጥርስ ሐኪም፣ ፒያሳ)

ላብራቶሪውን ለባለሙያው ትቼ ስለ አፍ ልናገር። ከአያቶቻችን ጀምሮ «ጥርሴን ትል በላው» ስንል ኖረናል፤ የሚበላው ግን ትል ሳይሆን ባክቴሪያዎች ስኳርን ሲያብላሉ የሚያወጡት አሲድ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጥርስ ላይ የሚኖሩት ተበታትነው ሳይሆን ራሳቸው በሠሩት አጣባቂ ሽፋን፣ ማለትም በባዮፊልም ውስጥ ተሸሽገው ነው፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ በፈሳሽ ውስጥ የሚገድላቸው መጠን ብዙ ጊዜ አይበግራቸውም። ሳህንዎ ለመድኃኒቱ ሙሉ ቀን ሰጥቶታል፤ የሚጉመጠመጥ ሰው ግን ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ታግሦ ይተፋዋል። በዚያ ላይ ምራቅ ክሎራይድ አለው፤ ክሎራይድ ደግሞ ከቅንጣቱ የሚወጣውን የብር አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለውን የብር አቶም) ይዞ ያዘቅጠዋል።

ብር በጥርስ ሕክምና አዲስ እንግዳ አይደለም። 38 በመቶ የሆነው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ በተቦረቦረ ጥርስ ላይ ተቀብቶ መበስበሱን ያቆማል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ይሁን እንጂ የታመመውን ክፍል ያጠቁረዋል፤ ብር ለረጅም ጊዜ በብዛት ወደ ሰውነት ሲገባም ቆዳን ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለውጣል። ስለዚህ ማንም ይህን አንብቦ በቤቱ ቀላቅሎ እንዳይጉመጠመጥ አደራ እላለሁ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የክሎራይዱን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ የተጠቀምኩበት ማሳደጊያም ክሎራይድ የሚገኝበት ጨው ያለበት ነው። «መጉመጥመጫ» የሚለውን ቃል ከርእሴ አውጥቼ፣ በተነቀሉ ጥርሶች ላይ ባዮፊልም አሳድጌ ምራቅ ባለበት ለመሞከር አስቤአለሁ። ጥርሶቹን ከክሊኒክ መለመን ይቻል ይሆን?

መልስ 3 (የጥርስ ሐኪም፣ ፒያሳ)

ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድመው ከትምህርት ክፍልዎ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ፤ ታካሚውም ተጠይቆ መስማማት አለበት። ጥርሶቹ ሲደርቁ ስለሚሰነጠቁ ከተነቀሉበት ሰዓት ጀምሮ እርጥበት እንዳይለያቸው። አማልጋም (የጥርስ መሙያ የብረት ቅይጥ) የተሞላበትን ጥርስ አይቀበሉ፤ አማልጋም ራሱ ብር አለውና ውጤትዎን ያምታታብዎታል።